ሆዳሙና ጭምቱ

የውድድሩ ዳኛ ጋሼ ዶንግ የኮምፒውተር አንጎል የሆኑትን ሦስት ፕሮሰሰሮች ነጭ ፎጣ ላይ ደርድሮ ለየቡድኑ ሲያስረክብ፣ በየዓመቱ የሚናገራትን ቀልድ ዘንድሮም አልተዋትም። «የአንድ እናት ልጆች ናቸውና እንዳታበላልጧቸው» አለ። ማንም አልሳቀለትም፤ የመጡት ለማበላለጥ ነበር።

ሦስቱ ላይ የተጻፈው ስም አንድ ነው። ከአንድ ፋብሪካ፣ ከአንድ ክብ የሲሊከን ገበታ ተቆርጠው የወጡ ናቸው። ሱቅ ገብቶ ለቤቱ ኮምፒውተር የሚገዛ ሰው ቢያገላብጣቸው ቢያገላብጣቸው ልዩነት አያገኝባቸውም። ግን ማህፀን ዥንጉርጉር ነው። አንዱ ፋብሪካው ከፈቀደለት ፍጥነት በላይ ሲያስጋልቡት ይሮጣል፣ አንዱ ገና ትንሽ ሲጫኑት ይንበረከካል፣ አንዱ ደግሞ እንደ በቅሎ ይለግማል። ታይፔ ውስጥ ይህን ለይቶ ማወቅ ሥራም ሱስም የሆነባቸው ሰዎች አሉ። ጥሩ ፕሮሰሰር ለማግኘት ሲሉ ሚስታቸውን የረሱ፣ ጥርሳቸውን ሳያሳክሙ የቀሩ ሰዎች ናቸው። በዓመት አንድ ጊዜ ናንጋንግ ካለው ትልቅ አዳራሽ ተሰብስበው ይፎካከራሉ።

ሕጉ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ቡድን ሦስት ፕሮሰሰር በዕጣ ይደርሰዋል። ጠዋት ሦስቱንም ይፈትናል፤ ከምሳ በፊት አንዱን መርጦ ሁለቱን ለጋሼ ዶንግ ይመልሳል፤ ከምሳ በኋላ በመረጠው ብቻ ይጋልባል። ለአንዲት ቅጽበት እንኳ ቢሆን ከሁሉ የሚበልጠውን ፍጥነት ያስመዘገበ አሸናፊ ነው። ከዚያ በኋላ ፕሮሰሰሩ ቢሞትም ማንም አይጠይቅም።

ቡድን ማለት ሁለት ሰው ነው፤ አንዱ ቁልፍ ሰሌዳው ላይ ይቀመጣል፣ አንዱ ብርዱን፣ ማለትም የሚያቀዘቅዘውን ፈሳሽ ናይትሮጂን፣ ያፈሳል። ከግራ በኩል በሦስተኛው ጠረጴዛ ዩን-ሩ ታፈሳለች፣ ቦ-ሺየን ቁልፍ ሰሌዳው ላይ ይቀመጣል። ሳይጋቡ እንዲህ ነበሩ፣ ተጋብተውም እንዲሁ፣ ከተፋቱ በኋላም እንዲሁ ሆኑ።

የተፋቱት በደወል ምክንያት ነው ቢባል ማንም አያምንም። ዩን-ሩ ራሷም በደንብ አታምንም። ሳንቾንግ ያለው ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የበሩ ደወል ተበላሽቶ ነበር። «ነገ እሠራዋለሁ» ይላል ቦ-ሺየን። ነገው ወር ሆነ፣ ወሩም ሁለት ሦስት ሆነ። አንድ ቀን ቁልፏን ረስታ ወጥታ፣ ዝናብ እየወረደባት ከታች ሆና ብትደውል ብትጣራ፣ እሱ ጆሮውን ደፍኖ ፕሮሰሰር ይፈትናል። ጎረቤት ከፍቶላት ስትገባ ከፀጉሯ ውሃ እየተንጠባጠበ፣ ሠሪው ራሱ ያላሰበውን ፍጥነት ከብረት የሚያወጣ ሰው አንዲት ደወል እንዴት ያቅተዋል ብላ ጮኸችበት። መጨረሻ ላይ «እንግዲህ ሂድ» አለችው።

ቦ-ሺየን የተነገረውን ነገር እንደተነገረው የሚወስድ ሰው ነው። ሻንጣውን አዘጋጅቶ ኪሉንግ ወንድሙ ቤት ሄደ። እሷ ይመለሳል ብላ ጠበቀች፤ እሱ ትጠራኛለች ብሎ ጠበቀ። ሁለቱም ኩሩ ስለሆኑ ሲጠባበቁ ከርመው፣ በመጨረሻ የቤተሰብ ምዝገባ ቢሮ ሄደው ሁለት ምስክር አቁመው ፈረሙ። አንዱ ምስክር ጋሼ ዶንግ ነበር። የቦ-ሺየን ስም ከሳንቾንጉ መዝገብ ተሰርዞ ወደ ኪሉንግ ተዛወረ። ቡድኑን ግን ማፍረስ ለማንም ትዝ አላለውም፤ ደወሉን መሥራትም እንዲሁ።

ዘንድሮ ነገሩን የባሰ ያደረገው ሽልማቱ ነው። አንደኛ የወጣ ቡድን ታውዩዋን ባለ ቤተ ሙከራ የሁለት ዓመት ሥራ ያገኛል፤ የሚቀጠሩትም ሁለቱም አባላት አብረው ነው፣ አንዱን ነጥሎ መቅጠር የለም። ቦ-ሺየን ደግሞ ፔናንግ ካለ ድርጅት ጋር ውል ይዟል፤ ሰኞ ይበራል። በስልክ ሲነግራት «ካሸነፍን ውሉን እተወዋለሁ፣ ካላሸነፍን እሄዳለሁ» አላት፤ ስለ አውቶቡስ ሰዓት የሚያወራ ነበር የሚመስለው። እሷም «ጥሩ» አለችው።

ጥሩ አልነበረም። ዩን-ሩ እንዲሄድ አልፈለገችም። ፔናንግ የሚለውን ስም ከሰማች ጀምሮ ይህን ታውቀዋለች፤ ስላወቀችም በራሷ ትናደዳለች። አንድ ዓመት ሙሉ ኪሉንግ ሲኖር ይህን ያህል አልራቀባትም፤ ኪሉንግ በባቡር ይደረሳል። ፔናንግ ግን ባሕር ማዶ ነው። ይህን ለእሱ ከምትነግረው ግን ናይትሮጂኑን ብትጠጣው ይቀላታል።

ፈተናው ተጀመረ። የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ፣ ጤዛ እንዳይገባበት ቫዝሊን ተለቅልቆ፣ በወረቀት ፎጣ ተጠቅልሎ፣ መሃሉ ላይ የመዳብ ጣሳ ተተክሎበታል። ፕሮሰሰሩ ከጣሳው ሥር ይተኛል። ዩን-ሩ ፈሳሽ ናይትሮጂን በፔርሙዝ ከላይ ትጨምራለች፣ ቦ-ሺየን ቮልቱንና ፍጥነቱን ይጨምራል። ከጣሳው ጎን አረንጓዴ ከረጢት የበቆሎ ፍንዲሻ ተቀምጧል። የፍንዲሻው ስም «ጨዋ ሁን» እንደማለት ስለሆነ፣ በዚህ አገር ማሽኑ እንዳይለግምበት የሚፈራ ሰው ሁሉ አናቱ ላይ ያስቀምጠዋል። ከረጢቱ አረንጓዴ መሆን አለበት፣ ጊዜው ያለፈበት መሆን የለበትም፣ ማሽኑ እየሠራ ሳለም ከፍቶ መብላት ነውር ነው። ጋሼ ዶንግ የናይትሮጂኑን በርሜል ከመመርመሩ በፊት የሚመረምረው ከረጢቱን ነው። ከጃካርታ የመጡት ሁለት ወንድማማቾች ቢጫውን ይዘው ስለተገኙ፣ አረንጓዴ ገዝተው እስኪመለሱ ጠረጴዛቸው እንዲዘጋ አድርጎ ነበር።

የመጀመሪያው ፕሮሰሰር ገና ሲነካ ተንበረከከ። ስም ሳያወጡለት ወደ ፎጣው መለሱት።

ሁለተኛውን ቦ-ሺየን ራሱ «ጭምቱ» አለው። ትንሽ ቮልት ሰጥተውት ብዙ ይሮጣል፣ አይግልም፣ አይንገዳገድም፤ ያሉትን ሁሉ እሺ ይላል። አንድ ነገር ብቻ አለበት፤ ብርዱ ከአንድ ደረጃ ሲያልፍ ይደነዝዛል። ጣሳው ትንሽ ሲሞቅለት ምንም እንዳልሆነ ሰው ይነሣል፤ እንደገና እዚያ ብርድ ላይ ሲደርስ እንደገና ይደነዝዛል። ስለዚህ ጣሪያው ታወቀ። የሌሎቹን ጠረጴዛዎች የጠዋት ቁጥር አይተው ሁለቱም በልባቸው አሰሉ፤ ጭምቱን የያዘ ቡድን ሁለተኛ ይወጣል፤ ከሁለተኛም አይወርድም፣ አንደኛም አይሆንም።

ሦስተኛው «ሆዳሙ» ተባለ። ቮልት ሲሰጡት ጨምሩልኝ ይላል፣ ሲጨምሩለት ይግላል፣ ሲግል ይወድቃል። ሞቅ ባለበት ከጭምቱ ግማሽ አይሆንም ነበር። ዩን-ሩ ግን እያፈሰሰች ሳለ አንድ ነገር ታዘበች፤ ይህ የሚግለው ብርድ ርቦት ነው። ጣሳው በቀዘቀዘ ቁጥር ሆዳሙ አንድ እርከን ይወጣል፤ ሌላው በደነዘዘበት ብርድ እሱ ገና ይነቃል። ቦ-ሺየንም አይቶታል። የጠዋቱ ናይትሮጂን ስላለቀ መጨረሻው የት እንደሆነ አላዩም። አንደኛ ሊያወጣቸውም ይችላል፣ ከሰዓት በመጀመሪያው ዙር ሊሞትባቸውም ይችላል።

ዩን-ሩ ምርጫው ያለቀለት መሰላት። ቦ-ሺየን በሕይወቱ ከሆዳም ሌላ መርጦ አያውቅም። «ጭምት ለቤት ነው፣ ሆዳም ለግልቢያ» የሚላት አባባል ነበረችው፤ ሲጋቡም ይህንኑ በድግሱ ላይ ተናግሮ እናቷን አስቀይሟል። አሁን ግን ጓንቱን አወለቀና ፕሮሰሰሮቹን ሳያይ፣ «ጭምቱን እንውሰድ» አላት።

ፔርሙዙን አስቀመጠች። «ለምን?»

«እርግጠኛ ነው።»

«ሁለተኛ መውጣቱ ነው እርግጠኛው።»

«ሁለተኛ መጥፎ ነው እንዴ?»

ነገሩ ዘቅዝቀው እንደያዙት ከረጢት ሁሉንም አራገፈላት። ሁለተኛ ከወጡ ሰኞ ይበራል። አንደኛ ሊያደርጋቸው የሚችለውን አይቶ፣ አውቆ፣ የማያደርጋቸውን መረጠ። ስለዚህ መሄድ ይፈልጋል። መሄድ የሚፈልግን ሰው መለመን ደግሞ የሷ ወግ አልነበረም። ግን በቀጥታ እሺ ለማለትም አፏ እምቢ አላት፤ «እኔ ሆዳሙን ነው የምለው» አለችው። እሱም ያን ጊዜ ቀና ብሎ አያት፤ ሆዳሙን ያለችበት ምክንያት እንዳልገባው ያስታውቃል።

ተከራከሩ። ክርክራቸው ሁሉ ስለ ቮልትና ስለ ብርድ ነበር፤ ሌላው ሰው ቢሰማቸው በሙያ የተጣሉ ይመስለው ነበር። ጋሼ ዶንግ ከሩቅ ሰዓቱን አሳያቸው። ያኔ ዩን-ሩ ከኪሷ ትንሽ ቀይ ከረጢት አወጣች።

ቦ-ሺየን ከረጢቷን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። «ይዘሻቸው መጣሽ?»

«እና ቤት ልተዋቸው?»

ከረጢቷ ውስጥ ያሉት ሁለት የሞቱ ፕሮሰሰሮች ናቸው። አንዱን ቦ-ሺየን በሰርጋቸው ሳምንት ቮልት አብዝቶ ገደለው፤ ሌላውን እሷ ብርድ ቸኩላ አፍስሳ ገደለችው። ሰው ቤተ መቅደስ ሄዶ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላቸውን ሁለት እንጨቶች እየወረወረ አምላኩን ይጠይቅ የለም? እነሱ በእንጨቶቹ ፈንታ እነዚህን ይወረውራሉ። አንዱ በጀርባው፣ አንዱ በሆዱ ካረፈ «እሺ» ነው። ሁለቱም በሆዳቸው ከተደፉ «እምቢ» ነው። ሁለቱም በጀርባቸው ከተንጋለሉ አምላኩ እየሳቀ ነው፤ ጥያቄው አልጠራም፣ ወይም ጠያቂው መልሱን እያወቀ ነው የሚያደክመኝ ማለቱ ነው። ትልቅ ጉዳይ ከሆነ ደግሞ «እሺ» ሦስት ጊዜ ተከታትሎ መውጣት አለበት።

የሚጠይቁት የምድር አምላኩን ነው፤ ሳንቾንግ ቤታቸው ካለበት ቅያስ አፍ ላይ፣ በጎማ ጠጋኙና በኑድል ቤቱ መካከል የተቀመጠውን ትንሹን ሽማግሌ። የምድር አምላክ እንደ ቀበሌ ሊቀመንበር ነው፤ ሹመቱ ከሰፈሩ አያልፍም፣ የሌላ ሰፈር ሰው ጉዳይ አይመለከተውም። ስለዚህ ጠያቂው መጀመሪያ ስሙን፣ የተወለደበትን ቀንና ቤቱ የት እንደሆነ በሹክሹክታ ይነግረዋል። አለዚያ ማን እንደጠየቀው በምን ያውቃል? በእነሱ ደንብ የሚጠይቀው ቦ-ሺየን ነው፣ የምትወረውረው ዩን-ሩ ናት።

ከአዳራሹ ጀርባ፣ የዕቃ መኪኖች የሚያራግፉበት ቦታ ወጡ። አንድ የናይትሮጂን መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሞ ያጓራል። ቦ-ሺየን እጆቹን ገጥሞ አጎነበሰ፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ የሚለው ግን በሞተሩ ጩኸት አልተሰማም። ጥያቄው ታውቋል፦ ሆዳሙን እንውሰድ ወይ? ዩን-ሩ ወረወረች። ሁለቱም በጀርባቸው ተንጋለሉ።

«ሳቀ» አላት።

«አይቻለሁ። ድገም።»

ደገመ። ወረወረች። እንደገና ተንጋለሉ። የመኪናው ሹፌር ሲጋራውን ይዞ ሊያይ ቀረብ አለ።

«በደንብ ንገረው እንጂ፣ አትንተባተብ» አለችው።

ቦ-ሺየን ጉሮሮውን ጠራረገ። በዚህ ጊዜ የምድር አምላኩ በደንብ እንዲሰማው ብሎ ድምፁን ከፍ አደረገ። ሹፌሩም ለአምላክ አክብሮት ይሁን ለወሬ ጉጉት፣ ዘሎ ገብቶ ሞተሩን አጠፋ። ድንገት ዝም ባለው ቦታ የቦ-ሺየን ድምፅ ራቁቱን ቀረ። «…የተወለድኩት በጥንቸል ዓመት፣ የምኖረው ሳንቾንግ፣ ከጎማ ጠጋኙ ቅያስ፣ አራተኛ ፎቅ፣ በስተግራ ያለው በር…»

ዩን-ሩ ፕሮሰሰሮቹን በመዳፏ እንደያዘች ቀረች። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ ቦ-ሺየን ግን ከሩዝ ውሃ ሌላ የሚጠጣ ሰው አልነበረም። የእሱን ያወጣው ሞተር መጥፋቱ ነው።

«የት አልከው?»

«ምኑን?»

«ቤትህን።»

ሹፌሩ ሲጋራውን እያየ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«አንተ የምትኖረው ኪሉንግ ነው። ፈርመሃል እኮ።»

«ኪሉንግ ካልኩት ግዛቱ አይደለም፣ አይሰማኝም» አለ። መልሱ ትክክል ነበር፤ ማንኛውም ሽማግሌ ይህንኑ ይላት ነበር። እሷ ግን ዓይኗን አልነቀለችም። እሱም፣ «ደግሞም ሌላ አፌ ላይ አይመጣልኝም» አላት።

«ኪሉንግ ከሄድክ በኋላም እንዲህ ነበር የምትለው?»

«እንዲሁ ነበር የምለው።»

«እዚያ ሆነህ ደግሞ ምን የምትጠይቀው ነበረህ?»

ቦ-ሺየን አንገቱን አከከ። የጆሮው ጫፍ ቀልቷል። «በሁለት ሳንቲም እጠይቀው ነበር። ደወሉን ልምጣና ልሥራላት ወይ እያልኩ።»

«እሱስ ምን አለህ?»

«ይስቅብኛል። ሁልጊዜ።»

ዩን-ሩ መሳቅም ማልቀስም ከጅሏት ሁለቱንም ዋጠችው። አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ትልቅ ሰው ኪሉንግ ቁጭ ብሎ፣ በባቡር ተሳፍሮ መጥቶ ማንኳኳት ሲችል፣ ሳንቲም ወርውሮ ይጠይቃል። እሷስ ብትሆን ደወሉን ለምን አላሠራችም? ጎማ ጠጋኙ እንኳ በአንድ ኩባያ ሻይ ይሠራላት ነበር። ማንም እንዲነካባት አልፈለገችም፤ ያ ደወል ቢሠራ እሱን የሚመልሰው ነገር ቤት ውስጥ አይኖርም ነበር። ይህን ለራሷም ገና አሁን ነው የነገረችው።

«ታዲያ ጭምቱን ለምን አልክ?» አለችው።

«ካሸነፍን ሁለት ዓመት ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ትታሰሪያለሽ። አንቺ ደግሞ ሂድ ብለሽኛል። ሽልማት ተብዬ እንድመጣብሽ አልፈለግኩም።»

«ሂድ ያልኩህ በስብሼ ስለነበረ ነው፤ አንተ ድንጋይ።»

ይህን አሰበበት። የተነገረውን ነገር እንደተነገረው የሚወስድ ሰው ስለሆነ ጊዜ ፈጀበት። ጋሼ ዶንግ በበሩ ብቅ ብሎ ሰዓቱ ማለቁን ጮኾ ተናገረና፣ ሁለቱን አይቶ ቶሎ ተመለሰ።

ዩን-ሩ የሞቱትን ፕሮሰሰሮች ሳትወረውር ወደ ከረጢቷ መለሰች። «ሆዳሙን እንወስዳለን።»

«አምላኩ አልፈቀደም እኮ።»

«አልከለከለምም። ሳቀ እንጂ» ብላው ቀድማው ገባች።

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ በጭስ መሰል ጉም ተሞላ። ዩን-ሩ ማፍሰስ ስትጀምር እጇ ረግቶ ነበር፤ ስታፈስ ሁሌም ትረጋለች። ጣሳው ወፍራም አመዳይ ለበሰ። ሆዳሙ መጀመሪያ አንገራገረ፣ ከዚያ ብርዱ ሲገባው ነቃ። ቦ-ሺየን «ጨምሪ» ይላል፣ ትጨምራለች፤ «ያዢ» ይላል፣ ትይዛለች። ከእነዚህ ሁለት ቃላት ሌላ አልተነጋገሩም። ጠዋት ጭምቱ የደነዘዘበት ብርድ መጣ፤ ሆዳሙ አልፎት ሄደ። የፍጥነቱ ቁጥር ስምንት ጊጋኸርዝን ሲሻገር ከኋላቸው ሰው መሰብሰብ ጀመረ። ጋሼ ዶንግ ቁጥራቸውን በትልቁ ሰሌዳ ላይ አወጣው፤ አንደኛ ነበሩ።

አንደኝነታቸው አንድ ኩባያ ሻይ ለመጠጣት እንኳ አይበቃም ነበር። የጃካርታዎቹ ወንድማማቾች አረንጓዴ ከረጢታቸውን በሁለት እጃቸው አክብረው አስተካክለው፣ ከእነሱ ትንሽ ከፍ ያለ ቁጥር አወጡ። ቀጥሎ አንድ የኦሳካ ቡድን ወንድማማቾቹ ላይ ባይደርስም እነ ዩን-ሩን በፀጉር ስንጥቅ አለፋቸው። ሰዓቱ ገና ነበረ። ቦ-ሺየን ወደ ዩን-ሩ ዞረ።

«አንድ እርከን አለው። ሊሞት ይችላል።»

«ይሙት» አለችው።

ቮልቱን ሰጠው። እሷም የፔርሙዙን የመጨረሻ ጠብታ አፈሰሰችለት። የኮምፒውተሩ ማያ ገጽ ቁጥሩን ሊያሳይ ብልጭ አለ፣ ቁጥሩን ሳያሳይ ጠፋ። ቦ-ሺየን አንድ ሁለት ጊዜ ሞከረው። በእሳት አሟሟቁት፤ አልተነሣም። ጣሳው ላይ የነበረው አመዳይ ቀልጦ በወረቀት ፎጣው ላይ መውረድ ጀመረ። ሆዳሙ የያዘውን በልቶ ሞቷል፤ ያ የመጀመሪያ ቁጥራቸው ብቻ ቀረላቸውና ሦስተኛ ወጡ።

ጭምቱን ይዘው ቢሆን ሁለተኛ ይወጡ ነበር ያሉ ሰዎች አሉ፤ የጭምቱ የጠዋት ቁጥር ከኦሳካዎቹ ይበልጥ ነበርና እውነታቸውን ነው። ቦ-ሺየንም ይህን ያውቃል፣ ዩን-ሩም ታውቃለች። ሲሸነፍ የሚደርሰው ሐዘን ደረሰባት፣ በደንብ ደረሰባት፤ ታውዩዋን ያለው ክፍል፣ ሁለቱ ወንበሮች፣ ሁሉም ወደ ጃካርታዎቹ ሄደ። ወንድማማቾቹ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ አጨበጨበችላቸው። ቦ-ሺየን አረንጓዴውን ከረጢት ቀደደውና ፍንዲሻውን አቀረበላት፤ ማሽኑ ሞቷል፣ ከእንግዲህ መብላት ነውር አይደለም። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ቫዝሊን በነካ እጃቸው በሉት።

ከአዘጋጆቹ አንዷ ወጣት ልጅ የሽልማቱን ነገር ልትመዘግብ መጣች። ለሦስተኛ የሚሰጠው አዲስ ማዘርቦርድ ነው፤ ገና ከፋብሪካ ስላልወጣ ከወር በኋላ በመኪና ቤት ድረስ ይላካል። «ተቀባዩ ራሱ መፈረም አለበት» አለች ልጅቷ። «የቡድኑ ተጠሪ እርስዎ ነዎት፤ ቤትዎ የት ነው?»

ቦ-ሺየን አፉን ከፈተ። ከወር በኋላ እሱ ፔናንግ ነው። ኪሉንግ ደግሞ ወንድሙ አለ፣ ግን ወንድሙ ስለ እሱ ሊፈርም አይችልም። ወደ ዩን-ሩ ዞረ።

ዩን-ሩ ከጣቷ ላይ የፍንዲሻውን ስኳር ጠረገች። «ሳንቾንግ» አለች ለልጅቷ። «ከጎማ ጠጋኙ ቅያስ፣ አራተኛ ፎቅ፣ በስተግራ ያለው በር።»

ልጅቷ መዘገበች። ብዙ ቤት ዕቃ ያደረሰች ልጅ ናትና ጠየቀች፤ «ሹፌሩ ከታች የሚደውለው ደወል አለ?»

«አለ» አለች ዩን-ሩ፤ ቦ-ሺየንን አላየችውም። «አይሠራም።»

ቦ-ሺየን ባዶውን ከረጢት አጣጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተ። «እስከዚያ እሠራዋለሁ፤ ሹፌሩ ሲደውልም ወርጄ የምፈርመው እኔ ነኝ» አላት ለልጅቷ። ልጅቷም ይህንኑ ጻፈችና ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ሄደች።